በሰው የተዋጣ ኮርስ

ማስታወቂያው የተለጠፈው የክረምቱ ትምህርት ባለቀ ማግስት ነው። ግማሹ ተማሪ ሻንጣውን አስሮ አውቶቡስ ተራ ወርዷል፤ የቀረነውም ልባችን ሄዷል። እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ የሚለጠፈው ሰው ሲበተን ነው፤ ይህን በብዙ ክረምት አረጋግጫለሁ። እኔም ያየሁት መኪናዬ የሚነሳው በማግስቱ ስለነበር ብቻ ነው።

ያኔ ጅጅጋ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምር ነበር። ክረምት ክረምት እንደ ብዙ የክፍለ ሀገር አስተማሪ አዲስ አበባ እየሄድኩ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ። ጊዜው የሰባዎቹ መጨረሻ ነው። ዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ትምህርት የሚባል አዲስ መስመር ከፍቶ፣ የክረምት ተማሪዎችም መግባት ትችላላችሁ ተብለን፣ እኔ የመጀመሪያውን ኮርስ ወስጄ አልፌያለሁ። ሁለተኛውን በሚቀጥለው ክረምት ልወስድ ነው። ማስታወቂያው ግን ሌላ ይላል። ከእንግዲህ ሁለተኛውን የኮምፒዩተር ኮርስ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሊኒየር አልጀብራ የሚባለውን የሒሳብ ኮርስ መውሰድ አለበት። እንዲህ አስቀድሞ የሚወሰደውን ኮርስ እነሱ ፕሪሪኩዚት ይሉታል። በሚቀጥለው ክረምት ሁለተኛው ኮርስ ያልገባ የክረምት ተማሪ ደግሞ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ተራው ሒሳብ ይመለሳል።

ችግሩ፣ ሊኒየር አልጀብራ የሚሰጠው በመደበኛው የትምህርት ዓመት ብቻ ነው። በመደበኛው ዓመት እኔ ጅጅጋ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ነኝ። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስተኛው ላይ ተሳደብኩ።

ያ ማሽን ለእኔ ምን እንደነበር ልናገር። ኮምፒዩተሩ በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ ነበር፤ እኛ አንነካውም። ትዕዛዛችንን በእጃችን ወረቀት ላይ ጽፈን እንሰጣለን፣ ሠራተኛዋ ካርድ እየበሳች ታስገባዋለች፣ ውጤቱ በማግስቱ ዳርና ዳሩ በተበሳ ሰፊ ወረቀት ታትሞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ተሳስተሻል» የሚል ነው። በመጀመሪያ የሠራልኝ ፕሮግራም የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ነጥብ ደምሮ አማካይ የሚያወጣ ነበር። ጅጅጋ ይህንኑ በየሴሚስተሩ በእጄ ስሠራ ጣቴ ይደነዝዛል። ወረቀቱን ይዤ የመኝታ ቤታችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ያዘዝኩትን ሳያጉረመርም፣ ሴት ናት ሳይል፣ ከየት ነው የመጣችው ሳይል የፈጸመልኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። በቃ፣ ወደድኩት። ልተወው አልፈለግሁም።

እናም ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ወጣሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለክፉ ሰው መልስ አጥቼ አላውቅም። ወንበር ሰጠኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

«ከጅጅጋ።»

«ጅጅጋ? እዚያ አሁንም ትምህርት አለ እንዴ?»

«አለ። የማስተምረው እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ምክንያቱን አስረዳኝ። ባለፈው ዓመት ሁለተኛውን ኮርስ ከወሰዱት ብዙዎቹ ወድቀዋል። ማትሪክስን፣ ማለትም ቁጥርን በረድፍና በዓምድ ደርድሮ እንደ አንድ ነገር ማስላትን፣ ስለማያውቁ አስተማሪው ጊዜውን የሚጨርሰው እሱን በማስተማር ነው። እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

«ይሁን፣ ልማረዋ! የት ልማረው?»

«እሱ ነው ችግሩ» አለና ከመሳቢያው የደንብ ጥራዝ አወጣ። ገልጦ ገልጦ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። «በአንድ ከተማ አሥራ ሁለት ተመዝጋቢ ከተገኘ፣ በአቅራቢያው ካለ ኮሌጅ አስተማሪ ይመደባል ይላል። እንግዲህ ጅጅጋ ውስጥ ሊኒየር አልጀብራ የጠማው አሥራ ሁለት ሰው ታገኛለሽ?»

የጠየቀኝ እንዳገኝ አይደለም፤ ተስፋ ቆርጬ እንድነሳለት ነው። እንዲህ በፈገግታ ሲሸኙኝ ደሜ ይፈላል።

«አገኛለሁ» አልኩትና ወጣሁ። ደረጃውን እየወረድኩ ባስብ ባስብ ከራሴ ሌላ አንድም ሰው አልመጣልኝም።

ጅጅጋ ስደርስ ነፋሱ እንደ ልማዱ አቧራ ይዞ ተቀበለኝ። ነገሩን መጀመሪያ ያጫወትኩት አብሮኝ የሚያስተምረውን የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ሶማሌ ነው፣ የከተማው ልጅ፤ ሲናገር ረጋ ያለ፣ ሲስቅ ግን የአስተማሪዎች ክፍሉን የሚሞላ። እኔም የከተማው ልጅ ነኝ፤ አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚያው ቀርቷል፣ እኛም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተወልደን አደግን። በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ የእኔ ቤተሰብ ወደ ሐረር ሸሸ፣ የእሱ ወደ ድንበሩ። ከተመለስን በኋላ ስለዚያ ጉዳይ አንድ ቀን አውርተን አናውቅም። ጠመኔ ግን እንዋዋሳለን።

ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ ወተት የበዛበት ሻዩን እያማሰለ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«እና አሥራ ሁለት ሰው ነው የጎደለሽ?»

«አሥራ አንድ። አንዷ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ቃራን እንጥራልሽ» አለ።

ቃራን ሶማሌዎች አንድ ሰው ሲቸገር የሚያዋጡለት መዋጮ ነው። ከብቱ በድርቅ ሲያልቅበት፣ ቤቱ ሲቃጠል፣ ሐኪም ቤት ሲገባ ዘመድ ተሰብስቦ ያለው ያለውን ይሰጣል። ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እኔ ግን እየቀለደብኝ መሰለኝ።

«ቃራን ለከብት ነው እንጂ ለኮርስ ይጠራል?»

«ዋላል፣ የጎደለሽ ምንድን ነው? ሰው አይደል? ሰው እናዋጣልሻለን።»

«እኔ ደግሞ ዘመዳችሁ አይደለሁም።»

«ጅጅጋ አይደለም የተወለድሽው?» አለ። «ሀዬ፣ በቃ።»

ዋላል ሶማሌ ወንድሙንም እህቱንም የሚጠራበት ቃል ነው፤ ሀዬ ደግሞ እሺ ማለት ነው። እሱ ሀዬ ካለ ነገሩ አለቀ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ ሰው ብቻ ነበር መመዝገብ የሚችለው። ለመንግሥት ሠራተኞች ማሻሻያ ተብሎ ስለሚሰጥ ክፍያ አልነበረውም፤ የሚጠየቀው መቀመጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ ፊዚክስ አስተማሪው ራሱ ተመዘገበ። ቀጥሎ የኬሚስትሪው፣ ከዚያ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ፣ የቴሌው ኦፕሬተር፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ጤና ረዳት፣ የመሠረተ ትምህርት አስተባባሪው። የስፖርት አስተማሪውንም አስገባሁት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እሱ ከትምህርት ቤት ከወጣ ጀምሮ ያባዛው ነገር ቢኖር የእግር ኳስ ነጥብ ብቻ ነው፤ ግን ስጠይቀው «ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ከሌለኝ መጣሁ» አለ፣ ጨዋታ እያለውም መጣ። ሶማሌው ሶማሌውን፣ እኔም የሰፈሬን ልጅ እየጎተትን መስከረም ሳይወጣ ሞላን። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ማለት ይሄ ነው።

የቀበሌው ጓድ ግን ጠራን። አሥራ ሁለት ሰው፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ተደባልቆ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊሰበሰብ? የማን ቡድን ነው? ማን ይመራዋል? «ዩኒቨርሲቲው» አልኩት። «በምን ጉዳይ ላይ ትወያያላችሁ?» አለኝ። የሊኒየር አልጀብራ መጽሐፌን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ጥቂት ገጽ ገልጦ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ «ለአብዮቱ ይጠቅማል?» አለ። «ከጠቀመን ይጠቅመዋል» አልኩት። ፈቀደ፤ ምናልባትም ስለደከመው ነው።

አስተማሪው የካቲት ላይ መጣ። ሐረር በኩል ካለ ኮሌጅ የተመደበ፣ ቀጭን፣ ክራባት የማይፈታ ሰው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ከሰዓት በኋላ አቧራውን ከመነጽሩ እየጠረገ ያስተምረናል፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎት ነበር። በዚህ በረሃ አሥራ ሁለት የሒሳብ ወዳጅ ማግኘቱ አስደንቆት፣ «እስቲ ለምን ይህን ኮርስ መረጣችሁ?» ብሎ በየተራ ጠየቀን።

«ለእህታችን ብለን ነው» አለ የስፖርት አስተማሪው።

አስተማሪው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ደንቡን ነገረን። ከአሥራ ሁለቱ አንድ ከጎደለ ክፍሉ ይዘጋል፣ እስከዚያ የተማርነውም እንዳልተማርነው ይቆጠራል። ያን ጊዜ ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ፤ እኔም ደብተሬን አየሁ።

ትምህርቱ ከባድ ነበር። ለእኔ ለሒሳብ አስተማሪዋም ከባድ ነበር፤ አልዋሽም። ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ደብተር ሳርም እውልና ቅዳሜ ዓይኔ ደክሞ እደርሳለሁ። መጽሐፉ አንድ ስለነበር ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ሲመለስ በመሀሉ የፖስታ ቤት ሙጫና የሻይ ጠብታ ይገኛል። ከሁላችን ይበልጥ የሚገባው ጤና ረዳቱ ነበር። ዝምተኛ፣ ሲጽፍ አንገቱን ያዘነበለ ወጣት ሶማሌ። ሰሌዳ ላይ ሲወጣ አስተማሪው ፊቱ ይፈታል። እኔ ግን ጥያቄ በዛብኝ መሰለኝ፣ አንዳንዴ እጄን ሳወጣ አስተማሪው በረጅሙ ይተነፍሳል። ይተንፍስ ብዬ እጠይቃለሁ።

ግንቦት ላይ ከድንበሩ ማዶ ሶማሊያ ውስጥ ጦርነት ተነሳና ሰው እየጎረፈ ድንበሩ አጠገብ ያለችው አውበሬ ገባ። ሕፃን ያዘለ፣ ሽማግሌ የተሸከመ፣ ቁስሉን በሻሽ ያሰረ። በከተማችን ያለ የጤና ሠራተኛ አብዛኛው ወደዚያ ተላከ። ነርሶቹ ለሆስፒታሉ ቀሩ፤ ጤና ረዳቱ ግን ሄደ። የሚሄድበት መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ቦታዬ ባዶ አይሆንም፣ አታስቢ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

በቀጣዩ ቅዳሜ አስተማሪው አንገቱን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ ስም ሲጠራ፣ የጤና ረዳቱ ስም ላይ ከኋላ «አቤት!» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ። ዞር አልን። ሽርጥ ያገለደመ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ ሁላችንም የምናውቀው ሰው ተቀምጧል። አስተማሪው ቀና ሳይል ምልክት አደረገና ቀጠለ። ፊዚክስ አስተማሪው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ደብተሩን ገለጠ።

ትንሽ ቆይቶ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ አንድ ማትሪክስ ጽፎ፣ እንደ ልማዱ የሚወደውን ተማሪ በስም ጠራ። ባለ ጢሙ ሰውዬ ተነሳ። ሽርጡን አስተካክሎ ወጣ፣ ለክፍሉ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ጠመኔውን ተቀበለና ቆመ።

«ሥራው እንጂ» አለ አስተማሪው።

«ምኑን?»

አስተማሪው መነጽሩን አወለቀ፤ ጠርጎ መልሶ አደረገ። «አንተ… ጢም ነበረህ?»

«እኔ ሁልጊዜም ጢም አለኝ። ባለፈው የነበረው የአጎቴ ልጅ ነው» አለ ሰውዬው በትህትና። «አሁን የእኔ ተራ ነው።»

የስፖርት አስተማሪው ሳቁ አመለጠው። አስተማሪው ግን ቀላ። አላገጣችሁብኝ፣ ይሄ ወንጀል ነው፣ በሌላ ሰው ስም አቤት ማለት የት አገር ነው ያያችሁት እያለ ጮኸ። ፊዚክስ አስተማሪው ተነስቶ ሊያስረዳው ሞከረ።

«መምህር፣ ማታለል አይደለም። ቃራን የአንድ ሰው ዕዳ ሳይሆን የቤተሰብ ነው። ግመል እሰጣለሁ ያለ ሰው ቢታመም ግመሉን ወንድሙ ይነዳል። ይሄም ሰው ዘመዱ ሥራ ላይ ሆኖ ነው የመጣው።»

«ይሄ ግመል አይደለም! ሊኒየር አልጀብራ ነው!»

«ግመል ይሻል ነበር» አለ ባለ ጢሙ፣ ጠመኔውን እያየ።

አስተማሪው መጽሐፉን ከቦርሳው ከተተ። ክፍሉ ተዘግቷል፣ ሰኞ ሪፖርት አደርጋለሁ አለ። ወደ በሩ ሲሄድ ቀድሜው ቆምኩ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

«ሪፖርትዎን ይጻፉ» አልኩት። «ግን ሲጽፉ ሁሉንም ይጻፉ። እኔ ኮርሴን አልፌ፣ ሻንጣዬን አስሬ ወደ ቤቴ ስመለስ ዩኒቨርሲቲው ደንብ ቀየረ። ማን ጠየቀን? ማንም። ትምህርቱን የትም አታገኙትም፣ ግን ውሰዱት አለን። እኛ ደግሞ አንድ ወንበር ላይ አንድ ሰው ቀየርን፤ ያውም ሳንደብቅ። ሲጠይቁት እውነቱን አይደል የነገረዎት?»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

«እኔም አይደለሁም። ከሁለታችን ግን የሚቀጣው እኔን ብቻ ነው።»

ቦርሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ልጁ የት ነው ያለው?»

«አውበሬ። ቁስል እያጠበ ነው። ከዚያ ተነስቶ ሰሌዳ ላይ ማትሪክስ ይገልብጥ ካሉ እርስዎ ራስዎ ሄደው ይጥሩት። እኔ አልጠራውም።»

ቆይቶ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ልቡ ራራ ለማለት ይከብደኛል፤ ምናልባት እስከ ማግስት አውቶቡስ ስላልነበረ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ ይቀጥላል አለ። ተተኪ ግን አይቀበልም። የማጠቃለያው ፈተና ቀን አሥራ ሁለቱም የየራሳቸውን መታወቂያ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንድ ከጎደለ የሁሉም ውጤት ይሰረዛል። ባለ ጢሙ ሰውዬ «እኔስ?» ሲለው «አንተ ወደ ሱቅህ ሂድ» አለው። ሄደና ለሁላችንም ሻይ ላከልን፣ ለአስተማሪውም ጭምር።

ፈተናው ሰኔ ላይ ነበር። በዚያ መሀል ከአውበሬ የሚመጣው ወሬ ሁሉ ክፉ ነው፤ ውሃ የለም፣ ተቅማጥ ገብቷል፣ ሕፃናት እየሞቱ ነው። ፊዚክስ አስተማሪው መልእክት ልላክበት ቢለኝ አይሆንም አልኩ። ሰው እየሞተ ስለ እኔ ኮርስ ሰው አልጠራም። ከእሱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣላን።

«ቃራን የሰጠው እሱ ነው» አለኝ። «መስጠቱን ማስቆም የአንቺ ሥራ አይደለም።»

«ኮርሱ የእኔ ነው። ይቅር ካልኩ ይቀራል።»

«አሁን ብቻሽን ያንቺ ሆነ?» አለና ትቶኝ ሄደ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ማሽኑን አሰብኩት፣ በመስታወቱ ውስጥ። ደህና ሁን ልለው ሞከርኩ፤ አፌ እሺ አላለኝም። ማንንም ለምኜ ያገኘሁት ነገር አይደለም፣ በፈተና ያለፍኩት ነው፣ ለምንድን ነው እንደ ሌባ በር በር የምቆመው እያልኩ ከራሴ ጋር ስነታረክ ዋልኩ።

ፈተናው እሑድ ጠዋት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ እየተሰማ እኛ ክፍል ተቀምጠናል፤ አሥራ አንድ ሆነን። ፊዚክስ አስተማሪው ፊት ለፊቴ ነው፣ አልዞረም። መልእክት ልኮ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። አስተማሪው ሰዓቱን አየ፣ ወረቀቱን አስተካከለ፣ ደግሞ ሰዓቱን አየ። ልጀምር ሲል የከባድ መኪና ድምፅ ግቢው ውስጥ ገባ። ለስደተኞቹ ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ነበር።

ጤና ረዳቱ ገባ። ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሷል፣ እግሩ ላይ የላስቲክ ቦት አለ፣ ክሎሪን ይሸታል። መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አስተማሪው ፎቶውን አየ፣ እሱን አየ፣ ወረቀት ሰጠው። ሄዶ ቦታው ተቀመጠ፣ ስሙን ጻፈ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበ፣ ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ ጭንቅላቱን በክንዱ ላይ ጣለ። እንቅልፍ ወሰደው። ማንም ሰው ከግማሽ ሰዓት በፊት ወረቀት ማስረከብ አይፈቀድለትም ነበርና ግማሽ ሰዓቱን ተኛ። ሾፌሩ ውጭ ጥሩምባ ሲነፋ ባንኖ ተነሳ፣ ባዶውን ወረቀት አስረከበ፣ በእኔ በኩል ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝና ወጣ። ትምህርቱ ከሁላችን ቀድሞ የሚገባው እሱ ነበር። ቢቀመጥ ኤ ያገኝ ነበር።

አስተማሪው ወረቀቱን ይዞ ብዙ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ሳያጥፍ ከሌሎቹ ሥር አስቀመጠው። እኔ የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንበብ ያቃተኝ ለረጅም ጊዜ ነው፤ ፊደሉ ይንሳፈፍብኝ ነበር።

ውጤቱ መጣ። ፊዚክስ አስተማሪው ቢ አገኘ፣ እኔ ሲ፣ የስፖርት አስተማሪው ዲ፤ ያቺን ዲ ለዓመታት ሲኮራባት ኖሯል። ግማሾቹ ኤፍ ናቸው። ጤና ረዳቱም ኤፍ። ለሥራ እድገት ወይም ለሌላ ትምህርት ቢያመለክቱ ያ ኤፍ ተከትሏቸው እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። የኬሚስትሪው አስተማሪ ትንሽ ከፋው፤ ሌሎቹ አንድም ቃል አላነሱም። ለምን ማለት ነውር ነው ብያለሁ።

ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ገባሁና ቀጥታ ወደዚያው ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ። አስታወሰኝ። ውጤቴን አይቶ ቅንድቡን አነሳ።

«አሥራ ሁለት ሰው አገኘሽ?»

«አገኘሁ።»

«አንቺ ሴት ታስፈሪያለሽ» አለ፣ ከልቡ ነው። ከዚያ ጎሮሮውን ጠረገ። «ይኸውልሽ፣ ባለፈው ወር ስብሰባ ነበረን። ሊኒየር አልጀብራ ከፕሪሪኩዚትነት ወጥቷል። በየክፍለ ሀገሩ ያላችሁትን እንደሚጎዳ አይተን፣ የሚያስፈልገው ማትሪክስ እዚያው ሁለተኛው ኮርስ ውስጥ እንዲገባ ወሰንን።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የማገኘውን ቃል ሁሉ ፈለግሁ፤ አንዱም አልበቃኝም። ዝምታዬን ደስታ መሰለው መሰለኝ፣ ሊክሰኝ ፈለገ።

«አሁን ይሄ ሲ አማካይ ነጥብሽን እየጎተተው ነው። ኮርሱ ከእንግዲህ ስለማይጠየቅ አንዲት ማመልከቻ ጻፊልኝ፣ ከትራንስክሪፕትሽ ላይ አሰርዝልሻለሁ። እንዳልነበረ ይሆናል።»

«የሌሎቹስ?» አልኩት።

«የየትኞቹ?»

«አብረውኝ የተማሩት። ኤፍ ያላቸው አሉ።»

«እነሱ የእኛ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች አይደሉም» አለ። «የእነሱን ለማሰረዝ ሥልጣን የለኝም። እንዳለ ይቆያል።»

«እንግዲያው የእኔም እንዳለ ይቆያል።»

«ሞኝ አትሁኚ። ለእነሱ ምን ይጠቅማቸዋል? አንቺን ግን ይጎዳሻል።»

«ይጉዳኝ» አልኩት። «እንዳልነበረ አይሆንም። ነበረ። ኤፋቸውን ተሸክመው እዚያ የቀሩ ሰዎች አሉ፤ እኔም ሲዬን እሸከማለሁ።»

ሌላ ነገር ሳይጨምርብኝ የመመዝገቢያ ወረቀቱን አስፈርሜው ወጣሁ። ሁለተኛው ኮርስ በማግስቱ ጠዋት ተጀመረ፤ ቀድሜ ደርሼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።